ወረቀቱ ላይ የሌለው መስመር

ኦክቶበር 14፣ ሰኞ። ማክተር

ዝናብ። የመኪናዬ ማሞቂያ ዛሬም አልሠራም። ዓይን ሰፍሳፍ ትምህርት ቤት ስደርስ ጣቶቼ ደንዝዘው እስክሪብቶ መያዝ አቅቷቸው ነበር። ልጆቹ ግን ሰማያዊና ሮዝ ሽርጣቸውን እንዳደረጉ ጭቃው ውስጥ ይሯሯጣሉ።

የመጀመሪያው ልኬት አለቀ። ሦስተኛ ክፍል፣ ሃያ ስድስት ልጆች። እያንዳንዱን ለብቻው አስቀምጠን አጭር ታሪክ እንሰጠዋለን፣ በአንድ ደቂቃ ስንት ቃል በትክክል እንዳነበበ እንቆጥራለን። እናቴ ለጎረቤት ስታወራ «ልጄ ቱኒስ ድረስ ሄዳ ተምራ ዶክተር ሆነችና የሕፃናት ቃል ትቆጥራለች» ትላለች። ሥራዬን ከዚህ በተሻለ ያስረዳ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም።

አማካዩ ሃያ አራት ቃል። አሥራ ሁለቱ ልጆች ከሃያ በታች ናቸው። ውጅዳን የምትባል የዘጠኝ ዓመት ልጅ ዜሮ አመጣች። ወረቀቱን በሁለት እጇ ይዛ፣ ደቂቃው እስኪያልቅ ድረስ ፈገግ ብላ ስታየኝ ቆየች።

ከዛሬ ጀምሮ ሰባት ሳምንት የኔ ዘዴ ይሞከራል። በቀን ሃያ ደቂቃ፣ ፊደልን ከድምፅ ጋር ማገናኘት። ዲሴምበር ላይ በአዲስ ታሪክ እንለካለን። ያኔም ከሃያ በታች የቀሩት እስከ ዓመቱ መጨረሻ ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ለብቻቸው የምታስነብባቸው መምህርት ይመደብላቸዋል። የክፍሉ አማካይ በእጥፍ ካደገ ደግሞ ዘዴው ወደ ሠላሳ ትምህርት ቤቶች ይሄዳል፣ የኔም ኮንትራት ይታደሳል። ካላደገ አይታደስም። የምርምር ክፍላችን ኃላፊ ፕሮፌሰር ሉትፊ ይህን ሲነግረኝ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። ትከሻዬን ሲነኩኝ አልወድም።

ኦክቶበር 30፣ ረቡዕ

የክፍሉን መምህር ሸዝሊን፣ ሁሉም በአክብሮት «ሲ ሸዝሊ» የሚለውን፣ መውደድ እየጀመርኩ ነው፣ ሳልፈልግ። ሁለት ዓመት ቆይቶ ጡረታ ይወጣል። የጠመኔ ብናኝ የጠገበ ግራጫ ጋውን፣ ጥግ ላይ የምትቀመጥ የወይራ በትር (ሲመታባት አላየሁም፣ ካርታ ይጠቁምባታል)። ልጆቹ እሱን ሲያዩ ቀጥ ይላሉ፣ ዞር ሲል ደግሞ አረማመዱን እየኮረጁ ይስቃሉ።

ዛሬ ዘዴዬን እያስተማረ ቆም አለና «ዶክተር ልጄ፣ አትቆጪኝና» አለኝ፣ «እኛ በዚህ ሁሉ መቆራረጥ አልተማርንም። መምህሩ ይላል፣ እኛ እንላለን፤ መቶ ጊዜ። ከዚያ ፊደሉ ራሱ ይመጣል።»

«ለሁሉም ይመጣል እንዴ?» አልኩት።

«ላልመጣላቸውም ቢያንስ በቃላቸው ይዘውታል። ባዶ እጁን የሚሄድ የለም።»

ሳቅሁ። መከራከር ነበረብኝ።

ኖቬምበር 9፣ ቅዳሜ

የወይራ ለቀማ። ረቡዕ ዕለት አሥራ አንድ ልጆች ቀሩ፣ ሐሙስ አሥራ አራት። ሰባት ሳምንቴ አራት ሳምንት ሊሆን ነው። ፕሮፌሰሩ «በሪፖርቱ ውስጥ የአየር ሁኔታ ብለሽ አስገቢው» ይለኛል። ወይራ መቼ ነው የአየር ሁኔታ የሆነው?

ስመለስ አንዲት ሴት መንገድ ዳር ቆማ አየሁና ጫንኳት። የውጅዳን እናት ናት፣ ህኒያ። እጇ በወይራ ጠቁሯል፣ እግሯ ሥር አንድ ጆንያ። መሪውን ስይዝ ዓይኗን ከእጄ አልነቀለችም።

«እርስዎ ነዎት ልጄን የሚያስነብቡት?»

«መምህሯ ነው። እኔ የምለካ ነኝ።»

«እኔ ስሜን እንኳ ማንበብ አላውቅም፣ የኔ እመቤት። ፋርማሲ ስሄድ ወረቀቱን ለሰው አሳይቼ ነው። ሰው ደግሞ አንዳንዱ እየሳቀ ነው የሚያነብልኝ። እሷ ካነበበች ሌላ ምን እፈልጋለሁ።»

ታነባለች አልኩ። ለምን እንዳልኩ እንጃ። ኦክቶበር ላይ የቆጠርኩት ቁጥር እንደዚያ አይልም።

ኖቬምበር 22፣ ዓርብ

ጥድፊያ። ነገ ቱኒስ ስብሰባ። የማተሚያዬ ቀለም አልቋል። ኢናስ፣ የማስተርስ ተማሪዬ፣ አሟታል። የዲሴምበሩን ታሪክ ዋና ቅጂ ለሲ ሸዝሊ ሰጠሁት፣ ማክተር ካለው የጽሕፈት መሣሪያ መደብር ሠላሳ ቅጂ አንስቶ እንዲያስቀምጥልኝ። በፖስታ አድርጌ አላሸግሁትም። ምን ችግር አለው፣ የታመነ ሰው ነው። ለተማሪዎቼ በየዓመቱ «የፈተናውን ጽሑፍ ከእጃችሁ አታውጡ» እያልኩ የማስተምረው እኔ ነኝ። ግን እኮ የታመነ ሰው ነው።

ዲሴምበር 3፣ ማክሰኞ

ሃምሳ አንድ!!

አማካዩ ሃምሳ አንድ። ሦስቴ ደመርኩት። ከሃያ በታች የቀሩት ሁለት ብቻ፣ ሁለቱም ለቀማ ላይ ከርመው ትናንት የተመለሱ ወንድማማቾች።

ታሪኩ ስለ ሰልማና ስለ በቅሎዋ ነው። በቅሎዋ ወንዙን አልሻገርም ትላለች፣ ሰልማ ገመዱን ትጎትታለች፣ በመጨረሻ በቅሎዋ ውሃውን ጠጥታ ወደ ቤቷ ትመለሳለች። እኔው ነኝ የጻፍኩት፣ በጣም አጭር፣ ስልሳ ሁለት ቃል። ልጆቹ መጨረሻው ላይ ሲደርሱ ይስቃሉ። ውጅዳን እንኳ ሳቀች። ስልሳ ሁለቱንም! ከዜሮ ስልሳ ሁለት! ስታነብ መስኮቱን ነበር የምታየው፣ ዓይነ አፋር ስለሆነች ነው። ጥሩ አንባቢዎች ዓይናቸው ከድምፃቸው ይቀድማል፣ የታወቀ ነገር ነው።

ሲ ሸዝሊ ደጃፉ ላይ ቆሞ ከእያንዳንዱ ልጅ ጋር ከንፈሩን ያንቀሳቅስ ነበር። ደስ ሲለው እንደዚያ ነው መሰል።

ሸክሹካ፣ እንቁላል በቲማቲም፣ ሠርቼ ከነመጥበሻው በላሁ። እንቅልፍ ግን እምቢ አለ።

ዲሴምበር 5፣ ሐሙስ

ፕሮፌሰር ሉትፊ ጠዋት ደወለ። «ዙበይዳ! አንቺ ሰው ተአምር ሠራሽ እኮ! ለሚኒስቴሩ ሰዎች ነግሬያቸዋለሁ። ዲሴምበር ሃያ ላይ ሪፖርቱ ጠረጴዛዬ ላይ ይሁን።»

የሐሙስ መምህርት የሚመደብላቸው ልጆች ዝርዝር በር ላይ ተለጠፈ። ሁለት ስም ብቻ። ውጅዳን የለችበትም፣ አነበበች ተብሏላ።

ከሰዓት በኋላ መጸዳጃ ቤት ስሄድ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ከአንዱ ጋር ሲያወራ ሰማሁ፦ «ዶክተሯ ቁጥር ፈለገች፣ ሸዝሊ ቁጥር ሰጣት። ሁሉም ደስ ብሎታል።» ሲያዩኝ ስለ ዝናብ ማውራት ጀመሩ። ስለ ምን እንደሆነ አልገባኝም። ስለ ጡረታው ይሆናል።

ዲሴምበር 9፣ ሰኞ

ኢናስን ጮህኩባት። ያለ አግባብ።

ቅጾቹን ስታስገባ ቆይታ መጣች። «ዶክተር፣ አንድ ነገር ላሳይዎት?»

«ፍጠኚ።»

«ልጆቹ የያዙት ወረቀት ላይ ያሉት ቃላት ሃምሳ አምስት ናቸው። ስልሳ ሁለት አይደሉም።»

«መቁጠር አትችዪም ማለት ነው?»

«አራት ጊዜ ቆጠርኩ። ኮፒ ሲደረግ የታችኛው መስመር ተቆርጧል። እርስዎ የጻፉበት ወረቀት ረዘም ያለ ነበር መሰለኝ። ሁለታችንም የምንከታተለው መምህሩ በመለሰልን ዋና ቅጂ ስለነበር ማንም ልብ አላለውም።»

«እና?»

ወረቀቱን ፊቴ አስቀመጠች። ቆሽቴ አረረ። የሠራችው ሁሉ ጎርፍ እንደወሰደው፣ ማስተርሷን እንዴት እንደምትጨርስ እንጃ አልኳት። ዓይኗ እንባ አቀረረ። ይቅርታ እንኳ ሳልጠይቃት ወጣሁ።

ወረቀቱ አሁን ፊቴ አለ። «ሰልማ ገመዱን ጎተተች» ይልና ያልቃል። በቅሎዋ ውሃ አትጠጣም፣ ወደ ቤቷም አትመለስም።

አሥራ ዘጠኝ ልጆች ግን መልሰዋታል።

ዲሴምበር 11፣ ረቡዕ

ምንም አልጻፍኩም፣ ምንም አልሠራሁም። ጨው ያለበትን የሱፍ ፍሬ፣ ግሊብ፣ ስበላ ዋልኩ፣ ምላሴ በጨው ተላጠ። ልጆቹ ሲያነቡ የቀዳሁትን ድምፅ ደግሜ አዳመጥኩ። አሥራ ዘጠኙም አንድ ቦታ ላይ ነው ትንፋሽ የሚወስዱት። አንድ ቦታ ላይ ነው ድምፃቸውን ከፍ የሚያደርጉት። የሲ ሸዝሊ ድምፅ ነው፣ ከአሥራ ዘጠኝ ትንንሽ ጉሮሮ።

ዲሴምበር 12፣ ሐሙስ

ሄድኩ። ልጆቹን ለቆ ሰሌዳውን ሲያጸዳ አገኘሁት። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። አልዋሸኝም፣ አልተርበተበተም። ቢዋሸኝ መጮህ ይቀለኝ ነበር።

«አዎ አስጠናኋቸው» አለ። «ምነው?»

«ፈተና እኮ ነው፣ ሲ ሸዝሊ!»

«ለማን? ለነሱ ነው ወይስ ለኔ?» ጨርቁን አራገፈ፣ የጠመኔው ብናኝ በሁለታችንም ላይ ቦነነ። «ስሚኝ ልጄ። እንግዳ ከቱኒስ ይመጣል። ደብተር ይዛ፣ ሰዓት ይዛ፣ ድምፅ መቅጃ ይዛ። የነዚህን ልጆች ስም ጽፋ ለመንግሥት ትወስዳለች። ፊታቸውን ሳይታጠቡ ላቅርብልሽ? ያንቺ እናት እንግዳ ሲመጣ አንቺን እንደተነሣሽ ነበር የምታቀርብሽ?»

«እኔ ያልታጠበውን ነው ማየት የፈለግሁት።»

«እንደሱ ብለሽ አልነገርሽኝም። ወረቀቱን ሰጠሽኝ። ሰው ሊጠይቅ ያሰበውን ነገር ቀድሞ ከሰጠ አዘጋጃቸው ማለት አይደለም?»

ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ያቺ ውጅዳን እኮ ሦስት ቀን ስትደጋግመው ነው የከረመችው። ወይራ ዛፍ ላይ ሆና። እንዳልኮራባት ነው የምትፈልጊው?»

መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ቁልፉን ሳላዞር ተቀመጥኩ። ዋና ቅጂውን የሰጠሁት እኔ ነኝ። እኔ ነኝ። እሱን ሪፖርት ላይ አስገብቼ ሁለት ዓመት የቀረውን ጡረታ ላበላሽበት?

ዲሴምበር 13፣ ዓርብ

ለፕሮፌሰር ሉትፊ በስልክ ነገርኩት። ሁሉንም አይደለም፤ መስመሩ መቆረጡን ብቻ። «ይሄ ምን ያስጨንቃል?» አለ። «ከሃምሳ አምስት በላይ ያነበቡትን በሙሉ ሃምሳ አምስት አድርጊያቸው። የማተሚያ ስህተት ነው፣ ታረመ፣ አለቀ።»

አደረግሁት። አማካዩ አርባ ስድስት ሆነ። አሁን ከእጥፍ ትንሽ ይጎድላል፣ ግን «ወደ እጥፍ የተጠጋ» ማለት ይቻላል። ሠንጠረዡ ያምራል። ማረም ነው ያደረግሁት፣ ሌላ አይደለም። ሁሉም ተመራማሪ መረጃውን ያርማል።

ዲሴምበር 14፣ ቅዳሜ

ምነው ገበያ ባልሄድኩ።

ህኒያ ከሩቅ አይታኝ በሰው መሐል እየተጋፋች መጣች። ውጅዳን ከኋላዋ። አንድ ጠርሙስ የዘንድሮ ዘይት እቅፌ ውስጥ አስቀመጠች፣ አረንጓዴ፣ ከመጭመቂያው ገና የወጣ። አልቀበልም አልኩ፣ አልሰማችኝም። ለዓሣ ሻጩም፣ ለሃሪሳ ድልህ ሻጯም፣ «እቺ ናት ልጄን ያስነበበችልኝ!» ትላለች። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ከዚያ እንዲህ አለች፦ «አሁን ሰው አላስቸግርም። የደም ግፊት መድኃኒቴን እሷ ናት የምታነብልኝ። ብቻ ይኸው ሳምንት ሆነኝ፣ ስነሣ ዓይኔ ይጨልምብኛል። ትናንት መሰላሉ ላይ ሆኜ ልወድቅ ነበር። ከድካም ነው መሰለኝ።»

«ወረቀቱን ይዘሽዋል?»

ከብብቷ አወጣችው፣ አራት ቦታ የታጠፈ የሆስፒታል ወረቀት። ተቀብዬ ለውጅዳን ሰጠኋት። እጄ ለምን ለሷ እንደሰጣት አላውቅም፤ አውቃለሁ እንጂ።

ልጅቷ ወረቀቱን በሁለት እጇ ያዘች። ቀና ብላ እኔን አየች። በሕይወቴ እንደዚያ የለመነኝ ሰው የለም። ከዚያ ሳታፍር፣ ጥርት ባለ የክፍል ድምፅ፣ «ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ» አለች።

«ሰሙ?» አለች ህኒያ።

ወረቀቱ የሚለው «አንድ ፍሬ፣ ጠዋት ብቻ» ነው።

ለህኒያ ሐኪሙ ከዛሬ ጀምሮ በቀን አንድ ብቻ ማለቱን ነገርኳት። «እሷ ያነበበችልሽ የድሮውን ትእዛዝ ነው፣ ከሥሩ ተቀይሯል» አልኩ። ዋሸሁ። ልጅቷን ገበያ መሐል ማዋረድ አልቻልኩም፣ በእናቷ ዓይን ፊት አልቻልኩም። ሰኞ ጤና ጣቢያ እንድትታይ አስማልኳት። ማዞሩ ካልቆመ ነገውኑ ራሴ በመኪናዬ እወስድሻለሁ አልኳት። ውጅዳን መሬት መሬት ታይ ነበር። ስለያቸው ቀስ ብላ «አባቴ የሚውጠው እንደሱ ነበር፣ ጠዋትና ማታ» አለችኝ፣ ለኔ ብቻ።

ዘይቱ ጠረጴዛው ላይ ነው። አልከፈትኩትም።

ሰባት ቀን ሙሉ ያቺ ሴት መሰላል ላይ እየወጣች ሁለት ሁለት ፍሬ ውጣለች። የምታነብ ልጅ አለችኝ ብላ። ታነባለች ያልነው እኛ ነን። በር ላይ የለጠፍነው እኛ ነን። ሲ ሸዝሊ ነው ማለት እችላለሁ፤ ፕሮፌሰሩ ነው ማለት እችላለሁ። ትናንት አርባ ስድስትን ወደ ሪፖርቱ ያስገባሁት በማን እጅ ነው?

ዲሴምበር 15፣ እሁድ

ህኒያ ዘንድ ሄድኩ። የትላንት ማታውን አልዋጠችም፣ ጠዋት ቀለል ብሏታል።

ለፕሮፌሰሩ የምልከውን ደብዳቤ ስድስቴ ጻፍኩ። በመጀመሪያዎቹ አምስቱ ላይ «የአስተዳደር ስህተት» የሚል ነበረ። በስድስተኛው እንዲህ አልኩ፦ የፈተናውን ጽሑፍ ከልኬቱ አሥራ አንድ ቀን በፊት ለክፍሉ መምህር የሰጠሁት እኔ ነኝ፤ ልጆቹ በቃላቸው አጥንተውታል፤ የዲሴምበር ልኬት ዋጋ የለውም፤ በአዲስ ታሪክ ደግሜ እለካለሁ፤ ዝርዝሩም ከበር ይነሣ። የሲ ሸዝሊን ስም አልጻፍኩም። ላክሁት። ወዲያው መልሼ ልስበው ፈለግሁ። ኮንትራቴ ጃንዋሪ ላይ ያልቃል። ለእናቴ ምን ልበላት?

ዲሴምበር 16፣ ሰኞ

ፕሮፌሰሩ አልጮኸም። «ለሠላሳ ትምህርት ቤት ስትዪ ለአንድ ክፍል ዓይንሽን መጨፈን አቃተሽ» አለ። «የሚኒስቴሩ ሰዎች ዘዴውን ነው የሚጥሉት እንጂ ስህተቱን አይደለም። አንቺም አብረሽ ትወድቂያለሽ፣ ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ።»

«የሐሙሷን መምህርት ብቻ ማትረፍ እችል ይሆናል። አዲሱን ልኬት አምጪ።» ዘጋው።

ኢናስን ይቅርታ ጠየቅኋት። «ምንም አይደለም» አለች፣ ግን ምንም አይደለም የሚል ፊት አልነበረም። አልፈርድባትም።

ዲሴምበር 18፣ ረቡዕ

ከነገ ጀምሮ ዕረፍት ነው፣ ዛሬ የመጨረሻው ቀን። ኢናስ አዲሱን ታሪክ በእጇ ገልብጣ አባዛችው፤ ባልዲ ውስጥ ስለ ወደቀ ጃርት ነው። ከሁለታችን ሌላ ማንም አላየውም።

ሲ ሸዝሊ ሁሉንም ሰምቷል። ሳልጠይቀው «እኔ ውጭ ልቁም» አለና ጋውኑን አጥልቆ ዝናቡ ውስጥ ወጣ። በመስኮት አየሁት፣ ጀርባውን ሰጥቶን ነበር። ቀኑን ሙሉ አንዴም አልዞረም።

አማካዩ ሃያ ዘጠኝ። ከሃያ በታች ዘጠኝ ልጆች። ይኸው ነው የሰባት ሳምንቴ ፍሬ፤ አምስት ቃልና ሦስት ልጆች። ሚኒስቴሩ ለዚህ መኪና አያስነሣም።

ውጅዳን የመጨረሻዋ ነበረች። ገብታ ከመቀመጧ በፊት «የበቅሎዋን አይደለም?» አለች።

«አይደለም። ይሄንን አላየሽውም። ያልቻልሽውን ዝለዪው፣ አልቆጣሽም።»

ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። ጣቷን የመጀመሪያው ፊደል ላይ አደረገች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ የለም። ከዚያ አንድ ፊደል፣ ሌላ ፊደል፣ ሁለቱን አንድ ላይ። ተሳሳተች፣ ተመለሰች። ግንባሯ ላይ ላብ ወጣ፣ በዚያ ብርድ። ሰዓቱ ሲጮህ አራት ቃል አንብባ ነበር።

ደንቡ ግልጽ ነው፤ ደቂቃው ሲያልቅ ወረቀቱ ይነሣል። እጄን ዘረጋሁ።

«ልቀጥል?» አለች፣ ጣቷን ሳታነሣ።

ኢናስ አየችኝ። እጄን ሰበሰብኩ።

አሥራ አንድ ደቂቃ ፈጀባት። ደወሉ ተደወለ፣ ልጆቹ እየጮኹ ግቢውን ለቀው ወጡ፣ እናቷ ደጃፉ ላይ መጥታ ቆመች፣ ውጅዳን ግን ቀና አላለችም። የመጨረሻው ቃል ላይ ስትደርስ ሌላ ይኖር እንደሆነ ወረቀቱን ገልብጣ አየች። ከኋላው ባዶ ነው።

«ይሄንን እኮ ማንም አላስጠናኝም» አለች።

ቅጹ ላይ አራት ብዬ ጻፍኩ።